ሊንክ ላይ አንድ ቁጥር ስቼ የማላውቀው ሰው ፋይል ተከፈተልኝ፤ ለማን ልንገር?

የገርጂዋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ከሆዴ አልወጣ ያለ ነገር አለ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ለፈቃድ እድሳት አመለከትኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል። ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ ድሮው በሌሊት ተነስቶ ሰልፍ መያዝ የለም። ስም ከነአያት፣ የእናት ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር ሞላሁ። መታወቂያዬን አንስቼ ጫንኩ፣ ጉርድ ፎቶ ጫንኩ። ሲያልቅ በኤስኤምኤስ ሊንክ መጣልኝ፤ ማመልከቻሽን በዚህ ተከታተይ የሚል። ሊንኩ የሚያልቀው በስድስት አሃዝ ቁጥር ነው።

ትናንት ፕሪንት ላደርገው ፈለግኩ። የምሠራው አንድ አስመጪ ቢሮ ሒሳብ ክፍል ነው። ስልኬ ከፕሪንተሩ ጋር አልስማማ ሲለኝ ሊንኩን ከስልኬ እያየሁ በቢሮው ኮምፒውተር በእጄ ጻፍኩት። መነጽሬን አላደረግኩም። 3ን 8 አደረግኳት።

የአንድ ሰውዬ ፋይል ተከፈተ። ሙሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ ሰፈሩ፣ የእናቱ ስም፣ ሁሉም። ጉርድ ፎቶው ላይ የኮቱ ኮሌታ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ማንም አልነገረው። መታወቂያውን ያነሳው በእጁ ይዞ ነው፤ አውራ ጣቱ ዳር ላይ ገብቷል። ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም አለ። ቀለም ቀቢ ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። አስቡት፣ አንድ የማላውቀውን ሰው ጥፍር ተቀምጬ እያየሁ ነው። የይለፍ ቃል ስጪ ያለኝ የለም።

እዚህ ላይ አልዋሻችሁም። የእውነት ነው ወይስ ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው ብዬ የመጨረሻዋን ቁጥር በአንድ ጨመርኩ። አንዲት ልጅ እግር ሴት መጣች። ቶሎ ዘጋሁት። እጄን አላበኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰውየውን ገጽ ስክሪንሾት አንስቼ "ይሄን ጉድ እይ" ብዬ ለጓደኛዬ በቴሌግራም ልኬላት ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ገጹን እንደገና ከፈትኩት። እታች ጥግ ላይ በትንሹ "የግላዊነት ፖሊሲ" የምትል ጽሑፍ አለች። ተጫንኳት። ሌላው ገጽ ሁሉ አማርኛ ሆኖ ይሄኛው ብቻ እንግሊዝኛ ነው። የሚያወራው ስለ ኩኪና ስለ ማስታወቂያ ኢሜይል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ኢሜይል የሚባል ነገር ልኮልኝ አያውቅም። ሁለተኛው መስመር ላይ "የኩባንያው ስም እዚህ ይግባ" የሚለው ራሱ ሳይነካ ተቀምጧል። ከሆነ ቦታ ቀድተው ለጥፈውት ነው።

ጥያቄዬ፦ ለማን ነው የምነግረው? ብናገር "እንዴት ገባሽ" ብለው እኔኑ ይይዙኛል? እኔ መግባቴንስ ያውቃሉ? ዝም ብል ደግሞ የእኔም መታወቂያ እዚያው ነው ያለው። አንድ ሰው 8ን 3 ቢያደርግ እኔ ነኝ የምመጣለት።


ቡና በጤና አዳም — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። አየሁ ብለሽ ብትሄጂ ሌባዋ አንቺ ነሽ።


ሰርቨሩ ታሟል — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ዝም በይ ያለሽን አትስሚው። ግን ሦስተኛ ቁጥር እንዳትሞክሪ። ለማረጋገጥም ቢሆን፣ ለጓደኛሽ ለማሳየትም ቢሆን።

ሥራዬ ይሄው ነው፤ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የሆነው ነገር ቀላል ነው። ማመልከቻ ሲገባ ዳታቤዙ በመጣበት ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ካንቺ ቀጥሎ የገባው ሰው ካንቺ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያገኛል። ይሄ ችግር የለውም። ችግሩ ሰርቨሩ "ይሄን ፋይል የሚጠይቀኝ ማነው?" አለማለቱ ነው። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሄደሽ "412 ቁጥርን አውጡልኝ" ስትዪ ማን ነሽ ሳይሉሽ የሰው ካርድ እንደሚያቀብሉሽ ቁጠሪው። አንዳንዱ ቁጥሩን ረጅምና የተዘበራረቀ በማድረግ ይሸፍነዋል። ያ ለመገመት ያስቸግራል እንጂ አሁንም ጠያቂውን አያጣራም። ሊንኩ በቴሌግራም ከተላለፈ ማንም ይከፍተዋል።

ብዙ ሰው "አድራሻው ላይ የቁልፍ ምልክት አለ እኮ" ይላል። ቁልፉ የሚነግርሽ አንድ ነገር ነው፤ ከኮምፒውተርሽ እስከ ሰርቨሩ ባለው መንገድ ላይ ማንም ጣልቃ ገብቶ አያነበውም። ሰርቨሩ ራሱ ለመጣው ሁሉ ካደለው ቁልፉ ምን ያድርግ?

መግባትሽን ያውቃሉ ወይ ላልሽው፣ ማወቅ ከፈለጉ ያውቃሉ። ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ መዝገብ ይይዛል። በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው የአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩ መለያ ቁጥር ማለት ነው)፣ የትኛው ገጽ ተጠየቀ፣ በምን ብሮውዘር። ይሄ ለክፋት አይደለም፤ ያለሱ ብልሽት መፈለግ አይቻልም። በሞባይል ዳታ ገብተሽ ቢሆን ብዙ ሰው አንድ አይፒ ስለሚጋራ ነገሩ ወደ ቴሌ ይዞራል። አንቺ ግን የገባሽው በቢሮው መስመር ነው። ያ አድራሻ ቀጥታ ቢሯችሁ ድረስ ሊመራ ይችላል።

ስለ ኩኪ ብዙ አትጨነቂ። ኩኪ ባንክ ስትገቢ የምትቆርጫት የተራ ቁጥር ወረቀት ማለት ናት። ድረ ገጹ ብሮውዘርሽ ላይ ያስቀምጣታል፤ ቀጥሎ ስትመጪ "ቅድም የነበረችው ናት" ብሎ በሷ ያውቅሻል። የሚያሳስበው ገጹ የሌላ ድርጅት መቁጠሪያ ሲያስገባ ነው፤ ያኔ የመንግሥት ገጽ መጎብኘትሽን ሦስተኛ ወገንም ያውቃል። ግን ከተከፈተ መታወቂያ ጋር ሲነጻጸር ኩኪ ምንም ነው። ፖሊሲ የሚባለው ገጽ ስለ ኩኪ ሦስት አንቀጽ ጽፎ ስለጫንሽው መታወቂያ አንድ መስመር የለውም። የት ነው የሚቀመጠው? ማን ያየዋል? ስንት ዓመት ይቆያል? መጻፍ የነበረበት ይሄ ነበር።

አሁን ልናዘዝ። እኔም እንዲህ ዓይነት ሠርቻለሁ። ለአንድ ቢሮ ነበር። ምረቃው ሰኞ ነው ተባልን። ሪባን ተገዝቷል፣ ኬክ ታዟል። ኮድ በኤስኤምኤስ ልኮ ሰውን የሚያጣራው ክፍል አላለቀም። አለቃዬ "ለጊዜው ያለሱ ይሂድ" አለ። ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሄደ። ኬኩ ግን ጣፋጭ ነበር።


ሕግ አንብቤ ነበር — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ጠበቃ አይደለሁም። ሕግ ተምሬ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ የምጽፈውን ለመነሻ ያዢው፣ ከዚያ የሚሠራበትን ሰው ጠይቂ።

ያንቺን ጉዳይ ሁለት አዋጆች ይነኩታል፤ አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ባንቺ ላይ።

ላንቺ ያለው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሰው መረጃ የሚሰበስብ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከዚህ አያመልጥም። ባለመረጃው ደግሞ ስለ እኔ ምን ይዛችኋል ብሎ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማስተካከል፣ ሲገባ የማሰረዝ መብት አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከሱ በላይ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 አለ፤ የግል ሕይወት አይደፈርም ይላል፤ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጨምራል። ያ ከ1987 ጀምሮ አለ። ዝርዝሩን የሚነግረን ልዩ አዋጅ እስኪመጣ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን።

ባንቺ ላይ ሊነሳ የሚችለው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። እዚያ ውስጥ የምትፈልጊው ቃል "ሆን ብሎ" የሚለው ነው። የመጀመሪያው የዓይን ስህተት ነው። በዚያ ማንም አይከስሽም፣ ቢከስሽም አያዋጣውም። ሁለተኛው ግን፣ እህቴ፣ ሆን ብለሽ ነው። አንድ ጊዜ አይተሽ ወዲያው መዝጋትሽ፣ ሳትደብቂ መናገርሽ፣ ሁሉም ይረዳሻል። ግን "አንድም ጊዜ አልሞከርኩም" ብለሽ እንዳትጽፊ። ሰርቨሩ ያወቀውን አንቺ ብትክጂ የሚያስጠረጥርሽ ያ ነው።

በጣም ያሳሰበኝ ስክሪንሾቱ ነው። አሁኑኑ አጥፊው። ጓደኛሽም ታጥፋ፤ አንቺ ቴሌግራም ላይ "ለሁለታችንም አጥፋ" የሚለውን ተጫኚ፣ ፎቶ ማኅደሯ ውስጥ ገብቶ እንደሆነም ጠይቂያት። የሰውየው መታወቂያ ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ የገባው ባንቺ በኩል ነው። ደስ የማይል ነው ግን እውነቱ እሱ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፊ። የራስሽን የማመልከቻ ቁጥር ብቻ ጥቀሺ። የሰው ስምም ምስልም አታያይዢ። ሊንኩን በእጅሽ ስትጽፊ አንድ ቁጥር ስተሽ የሌላ ሰው ፋይል እንደተከፈተ፣ እውነት መሆኑን ለማየት አንዴ ሞክረሽ እንዳቆምሽ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። መዝገብ ቤት አስገቢና ኮፒው ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም አስደርጊ። ያቺ ኮፒ ናት ጋሻሽ። ዝም ካሉሽ ወደ ባለሥልጣኑ፣ የአስተዳደር በደል ነው ካልሽ ደግሞ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ትችያለሽ። እነሱም ጋ ስትሄጂ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ጠይቀሻል ወይ ስለሚሉሽ ኮፒዋ እዚያም ትሠራለች።


የበረዶ አገር ሰው — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

እኔ ካናዳ ነኝ። ይሄን ሳነብ በፈረንጆች 2018 ኖቫ ስኮሺያ የሆነው ትዝ አለኝ። ያኔ ሃሊፋክስ ተማሪ ነበርኩ፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነበር።

ክፍለ ግዛቱ ሰዎች የመንግሥት ሰነድ የሚጠይቁበት ድረ ገጽ ነበረው። ለሕዝብ የተለቀቀ መልስ እዚያው ይቀመጣል፤ ሊንኩ በቁጥር ያልቃል። ልክ እንዳንቺው። አንድ የ19 ዓመት ልጅ ሁሉም ለሕዝብ የተለቀቀ መስሎት ቁጥሩን በተራ የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈና ወደ 7,000 ሰነድ አወረደ። ለካ ከመካከላቸው 250 ገደማ የሚሆኑት የሰው የግል መረጃ ያለባቸው፣ ለባለቤቶቹ ብቻ የተላኩ ነበሩ። አንድ ቦታ ላይ ነበር የተቀመጡት። የሚለያቸው በር አልነበረም።

እንዴት ታወቀ መሰላችሁ? አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሊንኩን ስትጽፍ ወይም ሲጽፍ (ሴት ትሁን ወንድ እንጃ) ቁጥር ሳተ። ስቶ የማይገባውን አየ። 3ን 8 ማለት ነው።

ከዚያ 15 ፖሊስ ልጁ ቤት ገባ። ከወላጆቹና ከታናናሾቹ ጋር የሚኖር ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን፣ ስልኩን፣ የቤተሰቡን ዕቃ ሰበሰቡ። ባገሩ ሕግ እስከ አሥር ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው ተባለ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ለጠበቃው ብር ተዋጣ። ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት ላይ፣ ፖሊስ የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም ብሎ ተወው። በቀጣዩ ዓመት የክፍለ ግዛቱ የግላዊነት ኮሚሽነር ምርመራዋን አወጣች፤ ጥፋቱን የጣለችው ሳይፈትሽ ድረ ገጹን ሥራ ላይ ባዋለው መሥሪያ ቤት ላይ ነው።

ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ልጁን ያስጠቃው ማንም ሳይሰማ ሁሉንም ማውረዱ ነው፤ ሠራተኛው ግን ሲስት ተናገረ። አሜሪካ ሚዙሪ ደግሞ በ2021 አንድ ጋዜጠኛ የትምህርት ቢሮው ድረ ገጽ የመምህራንን የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እንደሚያሳይ አይቶ፣ እስኪስተካከል ጠብቆ ነው የጻፈው። ገዥው ግን "ሀከር" ብሎ እከሰዋለሁ አለ። ዐቃቤ ሕጉ አልከስም አለ። አለቆች መጀመሪያ መቆጣታቸው የትም አገር ያለ ነው ለማለት ነው።


ኮምፒውተር ቤት ሜክሲኮ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጄ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ኮምፒውተር ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ስካን፣ ኦንላይን ፎርም መሙላት። ይሄን ውይይት ልጄ አሳየኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ቆመ።

የመንግሥት ድረ ገጽ ይብሳል ብላችሁ ትጨነቃላችሁ። የእኔን ኮምፒውተር ብታዩትስ? ደንበኛ ፋይዳውን፣ ፓስፖርቱን፣ የልደት ሰርተፊኬቱን በቴሌግራም ይልክልኛል። አውርጄ ፕሪንት አደርጋለሁ። እሱ አምስት ብሩን ከፍሎ ይሄዳል፤ ፋይሉ ግን አይሄድም። ዴስክቶፔ ላይ "አዲስ ፎልደር"፣ "አዲስ ፎልደር 2" እያለ እስከ 31 ደርሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ አጠፋለሁ። ካልረሳሁ።

ሌላው ኮዱ ነው። በስልካቸው የመጣውን ኦቲፒ (ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን የማረጋገጫ ኮድ) ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ከኋላ አምስት ሰው ቆሟል። "ቀስ ብለው፣ ወደ ጆሮዬ" እላለሁ፤ እናቶቹ "ምን አለበት ልጄ፣ ቁጥር እኮ ነው" ይሉኛል። የፋይዳ 12 አሃዟ ቁጥር የራስ ምስጢር ናት፣ ለየቦታው የሚሰጠው 16 አሃዙ ነው ብዬ ለስንቱ አስረድቼ ደከመኝ። ሁለቱንም ነው የሚሰጡኝ። አንዱ ጭራሽ ግድግዳዬ ላይ ጽፎልኝ ሄደ፣ ስመለስ ለማስታወስ ብሎ።

ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛው እያየ ነው የማጠፋው። ሠራተኛዬ "ሰልፉ ይረዝማል" ብሎ ያጉረመርማል።


ሰርቨሩ ታሟል — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርጉት። የቴሌግራም ዳውንሎድ ፎልደሩንም። ከዴስክቶፑ የበለጠ የሚከማቸው እዚያ ነው።


ኮምፒውተር ቤት ሜክሲኮ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

አየሁት። ከ2014 ጀምሮ ያለው አለ። እግዚኦ።


የገርጂዋ — እሑድ፣ ከቀኑ 10፡20

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዝም በይ ያልከኝን ጭምር፤ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ስክሪንሾቱን አጠፋሁ፤ ጓደኛዬም አጠፋች። እሷ ለእህቷ አሳይታታለች፤ "በስልኬ ነው ያሳየኋት፣ አልላክሁላትም" ብላ ማለችልኝ። ሐሙስ ከሥራ አስፈቅጄ ደብዳቤዬን ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ አንብባ አንብባ "አሁን ይሄ ማመስገኛ ነው ቅሬታ?" አለችኝ። ሁለቱም ነው አልኳት። ማኅተም አደረገችልኝና ወደ አይቲ ክፍል መራችኝ።

አይቲ ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት ልጅ አለ። የመጀመሪያ ጥያቄው እንደጠበቅኩት ነው፤ "እንዴት ገባሽ?" 3ን 8 አድርጌ፣ አልኩት። አላመነኝም። ራሱ ጻፈው። ኮሌታው የታጠፈው ሰውዬ መጣ። ልጁ ቶሎ ብሎ ሞኒተሩን እኔ ወደማላይበት አዞረው። ያን ጊዜ ነው ትንሽ የተረጋጋሁት። ገብቶታል። ስልክ አንስቶ ለሆነ ሰው "ገጹን አውርደው፣ አሁን፣ ምክንያቱን እነግርሃለሁ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በትንሽ ድምፅ "መዝገብ ቤት ሳታስገቢ ቀጥታ ለእኛ ብትነግሪን ጥሩ ነበር" አለኝ። ስሜንና ስልኬን ወሰደ። እስካሁን የደወለልኝ ፖሊስ የለም።

ሰውየውስ፣ አልኩት። ፋይሉ እንደታየ ትነግሩታላችሁ? "ለበላይ አሳውቃለሁ" አለ። አለመናገራቸው ነው የሚመስለኝ። ስልኩን አይቼው ነበር፣ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮቹ ትዝ ይሉኛል፤ ግን እኔ ደውዬ ምን እላለሁ? ጥፍርህን አየሁት እላለሁ?

ዓርብ ከሰዓት ገጹ ተመለሰ። አሁን ሊንኩን ስትከፍቱት በኤስኤምኤስ የተላከውን ኮድ አስገቡ ይላል። ደስ አለኝ። ኮዱ ግን አልመጣም። አርባ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ እንደገና ላክ አልኩት፣ አልመጣም። ቅዳሜ ጠዋትም ሞከርኩ፤ ያው ነው። ስደውል አንዲት ልጅ አንስታ ሲስተሙ አዲስ ስለሆነ በአካል መምጣት አለብሽ፣ ዋናውን መታወቂያና አንድ ኮፒ ያዢ አለችኝ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሜክሲኮ እወርዳለሁ። ጋሼ፣ ቤትዎ የት ጋ ነው? ፋይሌን ግን ቅዳሜ ድረስ እንዳያቆዩብኝ፤ ቆሜ ሲያጠፉት አያለሁ።